የአክስቴ ጣሳና የዴንቨሩ አስተር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ሰብሳቢያችን ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለይቅርታ ልጠቀምባት። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉባኤ ላይ ተነስቼ፣ ቆቦ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን የተራቆተ ዳገት የሚያለብስ፣ ድርቅ የማይፈራ አበባ አግኝቻለሁ፣ ዘሩን እኔ እልካለሁ ብዬ ነበር። ጭብጨባውን አስታውሳለሁ። በዚያው ምሽት 2,300 ዶላር ቃል ተገባ። ዛሬ የቆምኩት ያንን ሐሳቤን ለማንሳት ነው። ገንዘቡ አልተነካም፤ ገንዘብ ያዣችን በሪፖርታቸው ያሳዩዋችኋል። ምን ላይ ይዋል የሚለውን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ። ስህተቱ የእኔ ብቻ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ነገር ግን ሻንጣ ስናዘጋጅ የማናደርገው ነገር ስለሌለ ሌላም ሰው ዘንድ ሳይኖር አይቀርም።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት የምኖረው ኦሮራ ነው። ሌሊት ኤርፖርት እሠራለሁ፤ ጠዋት ስገባ እንቅልፍ እስኪመጣ ድረስ ደጅ እቆማለሁ። ቤቱን ስንገዛ ፊት ለፊቱ ሙሉ ሣር ነበር። በዴንቨር አካባቢ በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 400 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ያ ሣር ግን የሚጠጣው ጎጃም እንደተተከለ ነው። ሐምሌ ላይ የውሃ ቢል ሲመጣ ባለቤቴ ወረቀቱን ይዛ ሣሩን ታየዋለች፣ ቀጥሎ እኔን ታየኛለች። ኮሎራዶ በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሣሩን ነቅሎ ውሃ የማይፈልግ ተክል ለሚተክል ሰው ድጋፍ የሚሰጥበት ሕግ ሲያወጣ፣ እኔ ግማሹን ሣር በዶማ ገልብጬ ጨርሼ ነበር። ድጋፉን ሳላገኝ ቀረሁ። ይህን የምነግራችሁ ፊት ለፊት ሣር ያላችሁ የዴንቨር ሰዎች መጀመሪያ ጠይቃችሁ ከዚያ እንድትቆፍሩ ነው።

በተቆፈረው ቦታ ላይ ምን ልትከል ስል፣ በዚያ ሰሞን ከአንድ ቦታ የዱር አስተር ነው ተብዬ አንዲት ችግኝ ገዛሁ። አስተር ማለት በግሪክ ኮከብ ማለት ነው። አበባው መሐሉ ቢጫ፣ ዙሪያው እንደ ጨረር የተዘረጋ ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አስቴር የምትባሉ ሦስት አትጠፉም፤ የእናንተ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ንግሥት ነው፣ ግን ብትጋሩት አይከፋም።

ችግኟ ግንቦት ላይ አበበች። እኔም ለጎረቤት ሁሉ «አስተር አለኝ» ማለት ጀመርኩ። ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አሉ፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የዚህን አገር የዱር አበባ መልቀምና መመዝገብ ነው ሥራቸው። መጥተው አዩና፣ «በግንቦት?» አሉኝ። ከዚያ አንዷን አበባ በጣታቸው ገልብጠው ከሥሯ አዩ። «ይህ አስተር አይደለም» አሉ። እኔ ተናደድኩ። ደረሰኝ አለኝ ልል ምንም አልቀረኝም።

ያን ቀን የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ በእጅ ስልክ ፎቶ አንስቶ ስም ከመጠየቅ በፊት ይህ ይጠቅማል።

እኛ አንድ አበባ የምንለው በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አበባ አይደለም። አደይ አበባን አስቡ። አደይም የዚሁ ቤተሰብ ናት፣ ሱፍም፣ ኑግም። መሐል ላይ ያለው ቢጫ ትራስ በደርዘን የሚቆጠሩ ደቃቅ አበቦች ጉባኤ ነው። ዙሪያውን የምናያቸው የተዘረጉት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ እንግዳ የሚጠሩ በረኞች ማለት ይቀላል። ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ሁሉም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው። አበባውን የታቀፈውን አረንጓዴ ጽዋ ስትገለብጡት በትናንሽ ቅርፊቶች የተሠራ ነው። በአስተር ላይ ቅርፊቶቹ እንደ ሣር ቤት ክዳን አንዱ በአንዱ ላይ፣ በብዙ ደረጃ ተደራርበው ይቀመጣሉ። የእኔዋ ላይ ግን ሁሉም እኩል ቁመት ሆነው በአንድ ረድፍ ነበር የቆሙት። ሁለተኛው፣ ዙሪያዋን ያሉት ጨረሮች እንደ ክር የቀጠኑና ለመቁጠር የሚያስቸግሩ፣ ከሃምሳ በላይ ነበሩ። ሦስተኛው ጊዜው ነው። አስተር የመከር ተክል ነው፤ ነሐሴ ሳይገባ አያብብም። የእኔዋ ተክል ኤሪገሮን የሚባል፣ በፀደይ የሚያብብ የቅርብ ዘመድ ነበረች። መጥፎ ተክል አይደለችም፣ አሁንም አለች። ስሟ ብቻ ነው ሌላ።

አሮጊቷ በመስከረም ተመልሰው መጡና ከራሳቸው ጓሮ አንድ ጉማጅ ከነሥሩ ሰጡኝ። ይህኛው እውነተኛው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሲምፊዮትሪኩም ኤሪኮይደስ ይባላል። ይህን ስም ለመያዝ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ቀድሞ አስተር ኤሪኮይደስ ነበር፤ በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች የሰሜን አሜሪካዎቹ አስተሮች ከአውሮፓና ከእስያዎቹ ጋር የሩቅ ዝምድና እንጂ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም ብለው ስማቸውን ለይተው አወጡላቸው። በአትክልት መሸጫዎች ግን አሁንም አስተር ነው የሚባለው።

መለያው እንዲህ ነው። ቅጠሉ ጠባብና ደረቅ ያለ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እያነሰ እያነሰ የጥፍር ያህል ይሆናል። ቅርንጫፉ ወደ ጎን ቀስት ሆኖ ይጎብጥና አበቦቹ በአንድ በኩል፣ ወደ ሰማይ ዞረው ይሰለፋሉ። አበባው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነጭ ነው፤ ጨረሩ ከአሥር እስከ አሥራ ስምንት ቢሆን ነው። ከሥር ያሉት ቅርፊቶች ጫፋቸው ላይ ጣት የሚነካ ትንሽ እሾህ መሰል ነገር አላቸው፣ ወደ ውጭም ይቀለበሳሉ። በቅርቡ ያለው ሌላው የኮሎራዶ ነጭ አስተር፣ ፋልካቱም የሚባለው፣ አበባው ከዚህ ይበልጣል፤ ቁጥሩ ግን ያንሳል፣ በየቅርንጫፉ ጫፍ ነው የሚቀመጠው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት እኔ አሁንም ሁለቴ አያለሁ።

አተካከሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከእናንተ መካከል ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስና ዳላስ ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ጫፉ ላይ ነፋስ የሚያበርረው ጥጥ መሳይ ፀጉር አለው። ለመብቀል ብርድና እርጥበት አብረው ይፈልጋል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ታኅሣሥ ላይ የወተት ፕላስቲክ ጋሎን ከወገቡ እቆርጥና ከሥሩ እበሳዋለሁ፣ አራት ጣት አፈር እጨምርበታለሁ። ዘሩን ላዩ ላይ በትኜ በመዳፌ ጫን አደርገዋለሁ እንጂ አፈር አላለብሰውም፤ ብርሃን ይወዳል። ክዳኑን ጥዬ ጋሎኑን በፕላስተር መልሼ እዘጋና ደጅ በረዶ ውስጥ እረሳዋለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ጊዜ ቆሻሻ መስሏት ልትጥለው ነበር። ሚያዝያ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል።

ካዛወራችሁት በኋላ የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንዴ ደህና አድርጋችሁ አጠጡት። ድርቅ ቻይ ሲባል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃ አይፈልግም ማለት አይደለም፤ ሥሩ እስኪወርድ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነው። ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ የእኔን በበጋ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያጠጣሁት። ፍግ አትስጡት። እኔ የአገሬ ልጅ ስለሆንኩ ለምን ይራብ ብዬ የፈረስ ፍግ አለበስኩት፤ ወገቤ ድረስ አደገና ማበቢያው ሲደርስ እንደ ሰካራም መንገድ ላይ ተጋደመ። በድሃ አፈር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰኔ ላይ በመቀስ ግማሽ ድረስ ብትከረክሙት ቁጥቋጦው ይጠብቃል፣ አበባው ይበዛል። ከመሬት በታች በሚሄድ ግንድ ስለሚስፋፋ ደግሞ የማትፈልጉት ቦታ እንዳይገባ በየፀደዩ ዳር ዳሩን በአካፋ ቁረጡት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ነጭ ነጠላ ለብሶ ይቆማል። ንቦቹ ከየት እንደሚመጡ እንጃ፣ ቁጥቋጦው ይዘምራል። ክረምት ሊገባባቸው ስለሆነ የመጨረሻ ስንቃቸው እሱ ነው። ጠዋት ከሥራ ስገባ እዚያ ቆሜ የዘንጋዳና የማሽላ ማሳ ዳር የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቡም የመጣልኝ እዚያ ቆሜ ነው።

አስቤ ያገኘሁት ክርክር ይህ ነበር። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ነች። ቆቦ 1,500 ገደማ። ሁለቱም ደረቅ፣ ሁለቱም ጀርባቸው ተራራ። እንዲያውም ቆቦ በዓመት ከዴንቨር የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። ታዲያ እዚህ የበቀለ እዚያ ምን ያግደዋል? ባለፈው ዓመት ይህን ስናገር ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። እኔም ራሴን አሳምኜ ነበር።

ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ነው የተበላሸው። የቆቦ ችግር የዝናቡ ጠቅላላ መጠን አይደለም። አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተሰብስቦ ይወርድና ከተራራው ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ አባቶቻችን እኮ ያንን ጎርፍ ጠልፈው ማሳቸው ላይ እየመሩ ነው የኖሩት። የበልጉን ዝናብ ደግሞ የሚያምነው ሰው የለም። የእኔ አስተር የሚተማመነው በበረዶ ነው። ዘሩ ሳምንታት ካልቀዘቀዘ አይነቃም። ቆቦ በረዶ የት አለ? በዚያ ላይ ከፍታ ስላመሳሰላቸው ብቻ አፈሩና የአየሩ ልማድ አንድ አይሆንም።

እሺ፣ አይበቅልም እንበል፤ ጉዳት የለውም ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ይሄኔ ነው አክስቴ የምትገባው።

ካለፈው ጉባኤ በኋላ ችኩልነት ያዘኝ። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አገኘሁና ሦስት ማንኪያ የሚሆን ዘር በፖስታ አድርጌ፣ ከቫይታሚንና ከጫማ ጋር ላክሁት። ዘር ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የመግቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት እንደሚያስፈልግ አላሰብኩም። ሰውየውም ምን እንደያዘ አላወቀም። ይህ ጥፋት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ፖስታው ያሳደገችኝ አክስቴ ዘንድ ደረሰ። ዳገቱ ላይ ከመዝራታችን በፊት ሞክሪው አልኳት። እሷም ግማሹን ሰቅላ፣ ግማሹን በወተት ዱቄት ጣሳ ዘራችው።

በመስከረም አጋማሽ ደወለች።

«የኔ ጌታ፣ አበባህ በቀለልኝ።»

«ውይ አክስቴ! ስንት ቀን ሆነው?»

«ሁለት ሳምንት። እንዴት ያለ ነው መሰለህ! መሬት ላይ ተነጥፎ እንደ ካሮት ቅጠል ተሰነጣጥቋል።»

ዝም አልኩ። የአስተር ቡቃያ ቅጠሉ ደፍን ነው፣ አይሰነጠቅም። የልጅ ልጇን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁ። ፎቶው ሲመጣ ገና ሳልከፍተው አውቄዋለሁ ማለት ይቻላል። ቅንጬ አረም ነበር። ሐረርጌ ያላችሁ ፈረምሲሳ ትሉታላችሁ፤ በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም።

«አክስቴ፣ አፈሩን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከመንገዱ ዳር ነው ያስዛቅሁት፣ ለስላሳ ነው ብዬ።»

«ይኸማ ቅንጬ አረም ነው። ንቀይው።»

«እኔ ቅንጬ አረም ጠፋኝ? ከማሽላዬ ውስጥ ስነቅለው አይደል ወይ የኖርኩት! መምሰሉንማ አይቻለሁ። ያንተ ከአሜሪካ ስለመጣ የፈረንጁ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ።»

ይህችን ነገር ስሰማ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ይህች ሴት ሃያ ዓመት በእጇ ስትነቅለው የኖረችውን አረም፣ ከእኔ የመጣ ስለመሰላት ብቻ፣ የዕቃ እጣቢ እያጠጣች፣ ከፍየል እየከለለች አሳደገችው። ዓይኗ ያየውን ነው ለእኔ ስትል ያልተቀበለችው። በ77 እኔን ጀርባዋ ላይ አዝላ ወደ ኮረም የወጣች ሴት ናት፤ እኔ የላክሁላትን ነገር ንቀይ ማለት ለእሷ ቀላል አልነበረም። ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ነቀለችው።

ቅንጬ አረም የእኔ አስተር ዘመድ ነው። የአደይና የኑግም ዘመድ ነው። አገሩ ይኸው እኛ ያለንበት የአሜሪካ አህጉር ነው፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ልብ ያለው በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ገባ የሚለው አስተያየት ሰፊ ነው። በረሃብ ዓመት ነፍስ ሊያድን ከመጣ እህል ጋር ማለት ነው። አንድ ተክል ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ይሰጣል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ነገር አጠገቡ ያለውን ሰብል ያቀጭጫል። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል። ለሚነቅለው ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያነሳል። አቀንጭራ ላይ እሱ ተጨመረ ማለት ነው ለማሽላ ገበሬ።

ከዚህ በፊት የሆነ አንድ ነገር አሁን ነው የገባኝ። አስተሬ ሲያብብ ፎቶውን የአገር ቤት ልጆች ባሉበት ግሩፕ ላይ ለጥፌው ነበር። አንዱ የእርሻ ባለሙያ የሆነ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቅንጬ አረም ለምን ይተክላሉ?» ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ ልጁ አስተር አያውቅም ብዬ ንቄ አለፍኩት። እውነትም ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ቁጥቋጦ፣ ሁለቱም በነጭ ደቃቅ አበባ የተነሰነሱ። ለሚያውቅ ግን የቅንጬ አረሙ አበባ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አይሞላም፣ አምስት ማዕዘን ብቻ አለው፣ የተዘረጋ ጨረርም የለውም። ልጁ በስም ተሳስቷል፣ በፍርሃቱ ግን ከእኔ ይሻል ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ዛሬ በእናንተም ፊት እጠይቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። በምሥራቅ በኩል ጎረቤቶቻችን የሆኑትን አፋሮችን የገጠማቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ፣ እሱም የአሜሪካ አህጉር ተክል፣ ከአርባ ዓመት በፊት ገደማ የተተከለው በክፋት አይደለም። ድርቅ ቻይ ነው፣ ጥላ ይሆናል፣ አፈር ይይዛል ተብሎ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት እዚህ ቆሜ የተናገርኩትን ቃል በቃል ማለት ነው። ዛሬ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሸፈነ አጥኚዎች አስልተዋል፤ የግጦሽ መሬት ነበር። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ወንዝ ዳር ስትሄዱ ተመልከቱ፤ ለአትክልት ስፍራ ውበት ከአሜሪካ የተወሰዱ አስተሮች፣ የእኔው ዘመዶች፣ ከአጥር አምልጠው የወንዝ ዳር ይዘዋል። ከመሬት በታች በሚሄድ ግንድ ነው የሚስፋፉት። ያዙልኝ ያልኳችሁ ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። እኔ ኦሮራ በአካፋ ዳር ዳሩን እቆርጠዋለሁ። ዳገቱ ላይ ማን ይቆርጠዋል?

እዚህ አገር የወፍ ምግብ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ናይጀር ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ጥቁር ቀጭን ዘር የእኛው ኑግ ነው። ከኢትዮጵያና ከህንድ ነው የሚመጣው። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ አቢሲኒካ የሚለው አለበት። እኔ አንድ ጊዜ ገዝቼ ጓሮዬ ዘራሁት፤ ወር ሙሉ ጠበቅኩ፣ አንድም አልበቀለም። ለካ አሜሪካ ከመሸጡ በፊት በ120 ዲግሪ ሙቀት 15 ደቂቃ እንዲቀቀል ታደርገዋለች። ምክንያቱ አብሮት ጥገኛ የአረም ዘር ሊመጣ ይችላል የሚል ፍርሃት ነው። ሀብታሙ አገር የእኛን ኑግ ለወፍ እንኳ ሳይቀቅል አያስገባም። እኔ የእሱን የዱር ዘር ሳልቀቅል፣ ሳላስመረምር፣ በጫማ ውስጥ ከትቼ ላክሁ።

አክስቴ ዘንድ የተሰቀለውን ቀሪ ዘር ምድጃ ውስጥ እንድትጨምረው አደረግሁ። የጣሳውንም አፈር እሳት ላይ ደፋችው። የልጅ ልጇ ክረምቱን ሙሉ አካባቢውን እየዞረ አየ፤ የእኔ አስተር አንድም አልታየም። ደግሞ አንድ ነገር ረድቶኛል፤ የላክሁት ዘር አብዛኛው ባዶ ገለባ ነበር። አስተር በራሱ ዱቄት አያፈራም፣ ሌላ ዘር ያለው ጎረቤት ይፈልጋል፤ የእኔ ቁጥቋጦ ሁሉ ከአንዲት ጉማጅ የበዛ ስለሆነ እንደ አንድ ተክል ነው የሚቆጠረው። ኑግም እንዲሁ ነው። የኑግ ማሳ ያለ ንብ አያፈራም የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስለ ገንዘቡ።

ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ከዚያ ከእርሻ ባለሙያው ልጅና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ሦስት ጊዜ በስልክ ተነጋግረናል። ማኅበራችን ከዚህ በፊት ለዚያ ዳገት ችግኝ ገዝቶ እንደደረቀ ታስታውሳላችሁ። ችግኙ ሰነፍ ሆኖ አልነበረም። በነሐሴ ተተክሎ በጥቅምት ፍየል ገባበት፣ የቀረውን ታኅሣሥ ጨረሰው። ሽማግሌዎቹ የሚሉት፣ ዳገቱ መጀመሪያ ይከለል። ሁለት ክረምት ከብት ካልገባበት ክትክታውም ግራሩም ከሥሩ ራሱ ይወጣል፤ ዘሩ አፈሩ ውስጥ አለ። ውሃ እንዲይዝ እርከንና ትናንሽ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ራቁት የቀረው ቦታ ላይ ብቻ ወይራና ግራር ከአካባቢው ዘር ተፈልቶ ይተከል። አበባ ካስፈለገን፣ ንብ ካስፈለገን፣ ከፍ ሲል የደጋው አደይ አለ፤ የክትክታው አበባ አለ፤ የግራሩ አበባ ማር ያውቃል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ 2,300 ዶላሩ ለአንድ ዘበኛ የሁለት ዓመት ደሞዝ፣ ለአጥርና ለእርከኑ የእጅ መሣሪያ እንዲውል ነው። ከዘበኛው ደሞዝ የሚተርፍ ከሆነ የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ልጆች ጓንት ይገዛላቸው። ልጆቹ ቅንጬ አረምን ገና መሬት ላይ ተነጥፎ ሳለ፣ ሳያብብ፣ በቅጠሉ እንዲለዩት ባለሙያው ሊያስተምራቸው ፈቃደኛ ነው። ካበበ በኋላ መንቀል ዘር መበተን ነው፤ ያለ ጓንት መንቀልም ልጆቹን ይጎዳል። አጥሩ ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ የለውም፤ ሪባን የሚቆረጥበትም ነገር አይኖርም። ፎቶ የሚያምር ፕሮጀክት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት ፎቶ ባዶ ዳገትና አንድ ሽማግሌ ከነዱላቸው ነው የሚሆነው። ቃል የገባችሁት ለአበባ ነበርና ሐሳባችሁን የምትቀይሩ ካላችሁ ገንዘባችሁን መመለስ መብታችሁ ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ቅጹን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ።

አክስቴን የምታውቋት ጠይቃችሁኛል፣ ደህና ናት። ጣሳውን በፈላ ውሃ አጥባ በሶብላ ተክላበታለች። «ይኸኛው ከገበያ ነው የተገዛው፣ አትጨነቅ» አለችኝ።

አስተሩን ለጓሯችሁ የምትፈልጉ የዴንቨር ሰዎች ሚያዝያ ላይ ቤቴ ኑ፣ ከነሥሩ ቆርጬ እሰጣችኋለሁ። ከሁለት የተለያየ ጓሮ የመጣ ካላችሁ አጠገብ ለአጠገብ ትከሉት፣ ያኔ ዘሩ ሙሉ ይሆናል። አካፋና ካርቶን ይዛችሁ ኑ። ፖስታ የያዘ ሰው ግን በር ላይ እመልሰዋለሁ።